ለቡናው እርጥበት እንለካለን፣ ለቤንዚኑስ?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቡናም ስለ ሰሊጥም ዋጋ አይደለም። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፦ «ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣውን ኢታኖል ለምን ቤንዚን ላይ አንቀላቅልም? ዶላር ይተርፋል፣ ዋጋም ይወርዳል» የሚል ነው። ሁለተኛው ከዩኒየን ግዢ ክፍሎች የሚመጣ ነው፦ «ቤንዚን ውስጥ የገባን ውሃ የሚያጠፋ በጠርሙስ የሚሸጥ ኬሚካል አለ ይባላል፣ ለፓምፖቻችን በካርቶን እንግዛ ወይ?»

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ፣ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም የሚጠይቁት «ቤንዚን ላይ ሌላ ነገር ስንጨምር ውሃው ምን ይሆናል?» የሚለውን ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ኢታኖል መቀላቀሉን እደግፋለሁ። ጠርሙሱን ግን አትግዙ። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ውሃ ከገባበት በኋላ በርካሽ የሚያድነው ነገር የለም። ገንዘባችሁን በርሜሉና ክዳኑ ላይ አውሉት።

ምክንያቱን ላስረዳ።

መጀመሪያ ቤንዚን ብቻውን ሲሆን። ውሃና ቤንዚን እንደማይዋደዱ ማንም ያውቃል። ንጹህ ቤንዚን ውሃ የሚያሟሟው በጣም ጥቂት ነው። 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ ቢበዛ ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል ቢሟሟ ነው። ከዚያ ያለፈው ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ምክንያቱም አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ሲመዝን ውሃው አንድ ኪሎ ነው። የድሮ የመጋዘን ሰዎች ይህንን ያውቁታል። በርሜሉን ሳይነካ ያሳድሩታል፣ ከላይ ይቀዱለታል፣ ከታች ያለውን ይደፉታል። ውሃው ውሃ ሆኖ፣ ቤንዚኑም ቤንዚን ሆኖ ይቀራል። ማንም አልከሰረም።

አሁን ኢታኖል እንጨምርበት። አልኮል ለሁለቱም ዘመድ ነው፤ ከቤንዚንም ከውሃም ይዋሃዳል። ስለዚህ መሀል ገብቶ ያስታርቃቸዋል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ከመጠኑ ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ ይሸከማል። ይህም በ200 ሊትር በርሜል 1 ሊትር ገደማ ነው። ከግማሽ ሲኒ ወደ 1 ሊትር! ይህ ጥሩ ነገር ነው። በታንከር ግድግዳ ላይ የሚንጠባጠበውን ጥቂት ጤዛ ይዞት ይሄዳል፣ ሞተሩም አቃጥሎ ያስወጣዋል። «ኢታኖል ታንከር ያደርቃል» የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን አይደለም።

ችግሩ ልኩ ሲያልፍ ነው። አልኮል በደህና ቀን ለሁለቱም ዘመድ ነው፣ ሲጨንቀው ግን የሚሄደው ወደ ቅርብ ዘመዱ፣ ወደ ውሃው ነው። ውሃው ከልኩ ሲያልፍ ለብቻው አይወርድም፤ ኢታኖሉን ጎትቶ ይዞት ይወርዳል። በርሜሉ ውስጥ 2 ሊትር ውሃ ቢገባ ከታች የምታገኙት 2 ሊትር አይሆንም። ብዙውን አልኮል ይዞ ስለሚወርድ ከ10 ሊትር ሊበልጥ ይችላል። በሊትር ሒሳብ የከፈላችሁበት ነዳጅ ነው ታች የተኛው። ላይ የቀረውም ያው የገዛችሁት ቤንዚን አይደለም። ቤንዚኑ ሲመረት ኢታኖሉን ተማምኖ ኦክቴኑ ዝቅ ተደርጎ ከነበረ፣ የላይኛው ሞተር ማንኳኳት ይጀምራል። የታችኛው ደግሞ ከነጭራሹ አያስነሳም።

ልብ በሉ፣ አብዛኛው ማሽን ነዳጅ የሚስበው ከታች ነው። የጄኔሬተርም የውሃ ፓምፕም ቧንቧ ከታንከሩ ሥር ነው ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠጣው መጥፎውን ነው።

ይህንን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። አገራችን ኢታኖል መቀላቀል የጀመረችው በ2001 ዓ.ም. በ5 በመቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ያን ዓመት እኔ በአንድ ላኪ ድርጅት መጋዘን የነዳጅ ኃላፊ ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ የምናስነሳው የቤንዚን ጄኔሬተር ነበረን፣ ለእሱና ለሞተር ብስክሌቶቹ በርሜል ሙሉ ቤንዚን ግቢ ውስጥ አቁመን እናስቀምጥ ነበር።

ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ጄኔሬተሩ ተነስቶ አምስት ደቂቃ ሳይሠራ ቀጥ አለ። መካኒኩ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ሲደፋው ውሃ የመሰለ ነገር ወጣ። እኔ በቀጥታ ያሰብኩት «ማደያው ውሃ ጨምሮ ሸጠልን» ብዬ ነው። አንድ ጄሪካን ሞልቼ ማደያው ድረስ ሄጄ ጮህኩ። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሸምገል ያሉ የማደያው ሠራተኛ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የመለኪያ ዘንጋቸውን አወጡ፣ ጫፉ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት ቀቡ፣ ጉድጓዱ ታንከር ውስጥ ከተው አወጡት። ቀለሙ አልተቀየረም። «እየው» አሉኝ። ቀጥለው፦ «ልጄ፣ በርሜልህን አቁመህ ነው ወይስ አስተኝተህ የምታስቀምጠው?»

«አቁሜ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ውሃውን የሸጠልህ ሰማዩ ነው።»

አፍሬ ተመለስኩ። የቆመ በርሜል አናቱ ላይ ጠርዝ አለው፣ ዝናብ ያጠራቅማል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በክዳኑ በኩል ይወጣል። ማታ ሲበርድ ይሰበሰብና አናቱ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በላላው ክዳን በኩል ይስባል። በርሜል ይተነፍሳል ማለት ነው። እኛ ለወራት ዝናብ ስናጠጣው ነበር።

ጥፋቱ ግን በዚህ አላበቃም። ሁለተኛው ጥፋት ጠርሙሱ ነው። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ «ውሃ አጥፊ» የተባለ ኬሚካል ሸጠልን። በርሜሉ ውስጥ ጨምረን አማሰልነው። ታች የነበረው ውሃ ጠፋ! ቤንዚኑ ወተት ነክቶት የመጣ መሰለ እንጂ ሁለት ቦታ መከፈሉ አይታይም። ደስ አለን። ጄኔሬተሩ ግማሽ ቀን እየተንተፋተፈ ሠራ፣ ከዚያ ለጥገና ገባ። ካርቡሬተሩ ውስጡ ተበልቶ ነጭ ዱቄት ይዞ ነበር። ውሃው ለካ የትም አልሄደም፤ ተበታትኖ ተደብቆ ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ጠርሙስ ስትጠይቁኝ በርታ ብዬ የምመልሰው። ነዳጅ ላይ የሚጨመሩ ነገሮች ውሃን በተመለከተ በሦስት ይከፈላሉ። ስማቸው ብዙ ነው፣ ሥራቸው ግን ሦስት ነው።

1. አሟሚዎች። እነዚህ አልኮሎች ናቸው፤ ኢታኖል፣ ሜታኖል፣ አይሶፕሮፓኖል። «ነዳጅ ማድረቂያ» ተብለው የሚሸጡት ትናንሽ ጠርሙሶች ውስጥ በብዛት ያለው ይኸው ነው። ምንም አልኮል የሌለበት ቤንዚን ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ካለ ይሠራሉ። ነገር ግን 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን እኮ 200 ሊትር ውስጥ 20 ሊትር አልኮል ይዟል! 20 ሊትሩ ያልቻለውን ውሃ ሩብ ሊትር ጠርሙስ ይችለዋል ወይ? ሒሳቡ ራሱ መልሱን ይነግራችኋል።

2. ደባቂዎች። እነዚህ እንደ ሳሙና ናቸው። ሳሙና ቅባትን ውሃ ውስጥ እንደሚበትነው፣ እነዚህ ውሃውን ደቃቅ አድርገው ቤንዚን ውስጥ ይበትኑታል። የእኛ ወተት የመሰለው ይህ ነበር። ለዓይን ያምራል፣ ግን ውሃው ፊልትሮውን አልፎ ሞተር ውስጥ ይገባል። ናፍታ ለምትጠቀሙ የጭነት መኪና ባለቤቶች ይህ የበለጠ ይመለከታችኋል። የመኪናችሁ ውሃ መለያ ፊልትሮ የሚሠራው ውሃው ጠብታ ሆኖ ሲሰበሰብለት ነው። ደባቂ ኬሚካል ጨመራችሁ ማለት የገንዘብ ዋጋ ያለውን ፊልትሮ ሥራ አስፈታችሁት ማለት ነው።

3. አውራጆች። እነዚህ የደባቂው ተቃራኒ ናቸው። የተበተነውን ውሃ ሰብስበው ወደ ታች ያወርዱታል። በትልልቅ ዲፖዎች ቦታ አላቸው፣ ከወረደ በኋላ ከታች የሚቀዳበት ቧንቧ አላቸውና። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ላይ ግን ከውሃው ጋር የወረደውን አልኮል አይመልሱም።

ጠርሙስ ስትገዙ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ውሃውን ያሟሟል፣ ይደብቃል ወይስ ያወርዳል?» መመለስ ካልቻለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ። «ያጠፋል» ካለ ደግሞ ጨርሶ አትግዙ። ውሃ ከበርሜል የሚወጣው ወይ ተቀድቶ ነው ወይ ተቃጥሎ ነው፣ ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ።

አንደኛ ብርድ ነው። ቅልቅሉ ሲበርድ ውሃ የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ ጥርት ያለ የነበረው ቤንዚን ጠዋት ጭጋግ ሊለብስ ይችላል። አገራችንን አስቡት። ቤንዚኑ የሚመጣው ከጅቡቲ ሐሩር ነው፣ የሚያድረው ደግሞ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ነው። ቆላ ላይ ተቀላቅሎ ውሃ ጠጥቶ የወጣ ቦቴ ደጋ ሲያድር ሊለያይበት ይችላል። ያኔ ቅልቅሉ የሚደረገው አዲስ አበባ አጠገብ ሱሉልታ ዲፖ ነበር። ትክክል ነበር እላለሁ። ነገም ከተመለሰ ቅልቅሉ መደረግ ያለበት ወደብ ላይ ሳይሆን ለገበያው ቅርብ በሆነ ዲፖ ነው።

ሁለተኛ መደባለቅ ነው። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ልኩ አካባቢ ውሃ ይዞ ሳለ ላዩ ላይ ንጹህ ቤንዚን ብትጨምሩበት «የተሻለ ይሆናል» ትላላችሁ። አይሆንም። የኢታኖሉ ድርሻ ስለሚቀንስ ውሃ የመሸከም አቅሙም ይወርዳል፣ እዚያው ይለያይባችኋል። ሁለቱን ዓይነት በአንድ በርሜል አታኑሩ።

አሁን ወደ ቻናላችን ሥራ፣ ወደ ዋጋ እንምጣ።

አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው ኃይል የአንድ ሊትር ቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ 10 በመቶ የተቀላቀለበት ሊትር ከንጹሁ 3 በመቶ ያህል ያነሰ ኃይል አለው። ለስሌት ያህል ቤንዚን በሊትር 120 ብር ነው እንበል፤ በኃይል ሒሳብ የቅልቅሉ ተገቢ ዋጋ 116 ብር አካባቢ ነው። ኢታኖል ኦክቴን ከፍ ስለሚያደርግ ጥቂት ይካሳል ብንል እንኳን በእኩል ዋጋ መሸጡ ልዩነቱን ከገዢው ኪስ ማውጣት ነው። ብራዚሎች ይህንን ለምደውታል። እዚያ ብዙ አሽከርካሪ ማደያ ሲደርስ ይሰላል፦ ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ዋጋ 70 በመቶ በታች ከሆነ ኢታኖል ይቀዳል፣ ከበለጠ ቤንዚን ይቀዳል። ማደያው ላይ ሁለቱም ለየብቻ ዋጋቸው ተጽፎ ስላለ ነው ይህንን ማድረግ የቻሉት።

ለሞላሰስ ሻጭና ገዢም ሒሳብ አለ። ከአንድ ቶን ሞላሰስ 240 ሊትር ያህል ኢታኖል ይወጣል። ዲፖ የደረሰ ቤንዚን 100 ብር ቢሆን፣ ኢታኖሉ በኃይል ሒሳብ 67 ብር ነው፣ 240 ሊትሩ 16,000 ብር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ የማጣሪያና የማድረቂያ ወጪ ይቀነሳል። ማድረቂያ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። አረቄ የሚያወጣ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቢደጋግሙትም ውሃው ሙሉ በሙሉ አይለቅም። በተራ ማጣራት አልኮል ከ95 ወይም 96 በመቶ አያልፍም። ቤንዚን ላይ የሚገባው ግን ከ99 በመቶ በላይ የደረቀ መሆን አለበት። ቀሪዋን ለማድረቅ ሌላ መሣሪያና ሌላ ወጪ አለ። «ፋብሪካው ኢታኖል አለው» ማለትና «ፋብሪካው የሚቀላቀል ኢታኖል አለው» ማለት የተለያየ ነው።

ነገሩ የዓለም ገበያም ነው። ብራዚል ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤንዚን ላይ የምትቀላቅለውን ኢታኖል ከ27 ወደ 30 በመቶ አሳድጋለች። ሕንድም 20 በመቶ ደርሳለች። ብራዚል ውስጥ አገዳው ስኳር ይሁን ኢታኖል የሚለውን ፋብሪካው በዋጋ አይቶ ይወስናል። ስኳር የምትከታተሉ ሁሉ ነዳጅንም መከታተል አለባችሁ የምለው ለዚህ ነው።

እሺ፣ እኛ ምን እናድርግ? ለዩኒየኖችና ለመጋዘን ባለቤቶች የምመክረው ይህ ነው።

ሀ) የምትገዙትን እወቁ። በቀላሉ ይፈተናል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ግልጽ ጠርሙስ ውሰዱ። በሲሪንጅ ለክታችሁ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጉና ደረጃውን በውጭ አስምሩ። 100 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምሩ፣ ከድናችሁ በቀስታ ነቅንቁ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ አስተንፍሱ፣ 10 ደቂቃ አስቀምጡ። መስመሩ ካልተነቃነቀ አልኮል የለበትም። ታችኛው ወደ እጥፍ ከተጠጋ 10 በመቶ ገደማ ኢታኖል አለበት። ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ ሥሩት።

ለ) በርሜሉን አስተኙት። ሁለቱ ክዳኖች በሰዓት 3 እና 9 ቁጥር አቅጣጫ ይሁኑ። ማቆም ግድ ከሆነ ጣሪያ ሥር ይሁን። ክዳኑ ጎማው ካለቀ ቀይሩ፣ ከጠርሙስ ኬሚካል ርካሽ ነው።

ሐ) ለመስኖ ወቅት ብላችሁ ቅልቅል ቤንዚን ለወራት አታከማቹ። የሚበቃችሁን ሳምንት በሳምንት ግዙ። ግማሽ የሆነ በርሜል ብዙ እርጥብ አየር ይይዛል።

መ) ጠዋት በብርዱ ከበርሜሉ ሥር ጥቂት ቀድታችሁ በብርጭቆ እዩ። ጭጋግ ከለበሰ ወይም ሁለት ቦታ ከተከፈለ ፓምፕ ውስጥ አታስገቡት።

ሠ) ስትረከቡ ሻጩ ፊት ናሙና በጠርሙስ አስቀርታችሁ አሽጉ። ነገ ጠብ ቢነሳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል። እኔ ያን ቀን ናሙና ቢኖረኝ ኖሮ ሰው ፊት አልዋረድም ነበር።

ለሚመለከታቸው አካላት ደግሞ ሦስት ነገር እላለሁ። ቅልቅሉ ከመመለሱ በፊት የማደያና የዲፖ ታንከሮች ሥራቸው ተጠርጎ ይድረቅ። ለዓመታት ታች ተኝቶ የኖረው ውሃ ንጹህ ቤንዚንን አልጎዳ ይሆናል፣ ኢታኖል ሲመጣ ግን ያን ቀን ይነሳል። ማደያዎች የውሃ መፈተሻ ቅባታቸውም ለቅልቅል የሚሆን ይሁን፤ ተራው ቅባት አልኮል የበዛበትን የታች ክፍል በደንብ ላይለይ ይችላል። ሦስተኛ፣ የመቅጃው ማሽን ላይ «ኢታኖል 10 በመቶ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፣ ዋጋውም ለብቻው ይሰላ።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሁሉ ጣጣ ካለው ለምን ትደግፈዋለህ?» ትሉኝ ይሆናል። የምደግፈው እያንዳንዱ የአገር ውስጥ ሊትር ከወደብ የሚመጣን ስለሚቀንስ፣ ሞላሰሱም ዋጋ ስለሚያገኝ ነው። ጣጣው የኢታኖሉ አይደለም፣ የአያያዛችን ነው። ቡና 12 በመቶ እርጥበት ሲያልፍ ፊታችን ይጠቁራል። መለኪያ ይዘን እንከራከራለን፣ ዋጋ እንቀንሳለን፣ እንመልሳለን። ያንን ቡና የሚያጓጉዘው፣ የሚያጥበው፣ የሚያበጥረው ነዳጅ ውስጥ ስላለው ውሃ ግን ፓምፑ እስኪቆም አንጠይቅም። ለቡናው የሰጠነውን ዓይን ለቤንዚኑም እንስጠው።

ፈተናውን የሞከራችሁ ውጤቱን ከነከተማችሁ ላኩልኝ፣ የማደያ ስም አትጻፉ። በሚቀጥለው እናየዋለን።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ።